ሮም፣ ቬሮና ወይስ ቪየና? የተሸወደ ሰው የቅዳሜ ማታ ፊልም መምረጫ

መጀመሪያ እንዴት እንደተሸወድኩ ልናገር።

የጋብቻችን ሦስተኛ ዓመት ነበር። ባሕር ዳር ለሚኖር ባልና ሚስት እንዲህ ባለ ቀን ምን እንደሚደረግ ይታወቃል። ጣና ዳር ወርዶ ዓሣ መብላት፣ ከዚያ በዘንባባው ሥር ቀስ እያሉ መመለስ ነው። እሱን ግን ያለ በዓልም እናደርገዋለን። ስለዚህ ባለቤቴን "ዛሬ ሮም ነው የምወስድሽ" አልኳት። ፍላሼን ይዤ ሰፈራችን ካለች ፊልም ቤት ሄድኩ። ልጁን "ሮም ውስጥ የሆነ፣ ፍቅር ያለበት፣ የሚያስቅ" አልኩት። ብዙም አላሰበም። "ዌን ኢን ሮም" የሚባል የ2010 ፊልም ጫነልኝና ብሩን ተቀበለኝ። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያለው ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።)

ቡናው ተፈላ። ፈንድሻው ቀረበ። አቦሉን ጠጥተን ሳንጨርስ ሮም አለቀች።

ፊልሙ አላለቀም፤ ሮሟ ነች ያለቀችው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ቤዝ ትባላለች፤ የምትጫወተው ክሪስተን ቤል ናት። ኒው ዮርክ ጉገንሃይም ሙዚየም ትሠራለች። ታናሽ እህቷ በድንገት ጣሊያናዊ ልታገባ ስለሆነ ለሠርጉ ሮም ትሄዳለች። እዚያ ኒክ የሚባል ልጅ ትወዳለች፣ ከሌላ ሴት ጋር ታየዋለች፣ ትናደዳለች፣ ትጠጣለች። ከዚያ "የፍቅር ምንጭ" ወደሚሉት ፏፏቴ ገብታ ሰው የወረወረውን ሳንቲም ለቅማ ትወጣለች። የሳንቲሞቹ ባለቤቶች በአስማት ያፈቅሯታል። የቋሊማ ከበርቴ አለ፣ የመንገድ ዳር አስማተኛ አለ፣ ሠዓሊ አለ፣ ራሱን በጣም የሚወድ ሞዴል አለ። ሁሉም ተከትለዋት ኒው ዮርክ ይመጣሉ። የቀረው ፊልም አብዛኛው እዚያው ነው።

ባለቤቴ ቶናውን እየቀዳች "ሮም ይሄ ነው? ታዲያ ቢጫ ታክሲው ለምን በዛ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ እልህ ያዘኝ። ለተከታታይ ሳምንታት ቆንጆ የውጭ ከተማ ውስጥ የሚሆኑ የፍቅር ኮሜዲዎችን እየሰበሰብኩ አየሁ። እናንተ እንደ እኔ እንዳትሸወዱ የትኛው ለማን እንደሚሆን ልንገራችሁ።

የቡሬ ፈተና

ዋናው ጥያቄ አንድ ነው። ከተማዋ ፊልሙ ውስጥ ሥራ አላት ወይስ መጋረጃ ናት?

ባሕር ዳር ያደገ ሰው ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ፊልም ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገውም። የእኛ ከተማ ራሷ ስንት ጊዜ መጋረጃ ሆናለች! ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፣ ፍቅረኞቹን ጣና ዳር ያቆሟቸዋል፣ ታንኳ ከኋላ ታልፋለች። ልጅቷ ፊቷን ዞር ስታደርግ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሥር ናት። ከከተማው እስከ ፏፏቴው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል አለ። በምን ሄዱ? በክንፍ? አዲስ አበባ ያለ ተመልካች "ውይ ሲያምር" ይላል። እኛ እንስቃለን፣ ቀልዱ ባልታሰበበት ቦታ።

እኔ ፈተናውን በቡሬ አደርገዋለሁ። ታሪኩን እንዳለ አንስታችሁ ቡሬ መናኸሪያ አስቀምጡት። ምንም ሳይጎድልበት ከሄደ ፊልሙ ሮምን የተከራየው ለፎቶ ነው። የቡሬ ልጆች አትቀየሙኝ። ፈተናው የቡሬን ሳይሆን የፊልሙን ድካም ነው የሚያሳየው።

"ዌን ኢን ሮም" እዚህ ይወድቃል። ያ ምንጭ ራሱ ለታሪኩ ተብሎ የተፈጠረ ነው። የሚቆጨው ደግሞ እውነተኛው ትሬቪ ከፈጠራው የበለጠ ታሪክ ያለው መሆኑ ነው። ትሬቪ ሮም ውስጥ በ1762 ተሠርቶ የተጠናቀቀ የአደባባይ ፏፏቴ ነው። ጎብኚው ጀርባውን ሰጥቶ ሳንቲም ይወረውርበታል፤ የወረወረ ወደ ሮም ይመለሳል ይባላል። ሳንቲሙ በየጊዜው ይለቀምና ካሪታስ ለሚባለው የቤተ ክርስቲያን የበጎ አድራጎት ድርጅት ይሰጣል፤ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ዩሮ በላይ ይሆናል። ለራሱ ሊለቅም የገባ ሰው ይቀጣል። እስቲ ከዚህ የሚያስቅ ፊልም አይወጣም? እኛ ዘንድ ለጠበል የተሳለ ብር ያነሳ ሰው የሚከተለው አራት አፍቃሪ አይደለም፣ ሌላ ነገር ነው። ፊልሙ ይህን ፍርሃት እንኳ ቢነካው አንድ ነገር በሆነ ነበር። እሱ ግን ወንዶቹን ኒው ዮርክ ላይ ሲያሯሩጥ ጊዜውን ፈጀ።

የክሪስተን ቤልን ችሎታ አልክድም። ቀልድ ሲሰጧት ትችላለች፤ አልሰጧትም።

አንድ የማውቀው ዘዴ አለ። ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ በየትኛው ወር እንደወጣ እዩ። ስቱዲዮዎቹ ያልተማመኑበትን ፊልም ጃንዋሪ ላይ የመጣል ልማድ አላቸው። የበዓሉ ፊልሞች አልፈዋል፣ ብርዱ ከባድ ነው፣ ሰው ሲኒማ አይወጣም። ይህ ፊልም የወጣው ጃንዋሪ 29 ነው። ሁልጊዜ ይሠራል አልልም፣ ግን እኔን ያስጠነቅቀኝ ነበር።

ከማን ጋር ነው የምታዩት?

ሁለተኛው ጥያቄ ክፍሉ ውስጥ ማን እንዳለ ነው። ፈረንጅ ስለ ፊልም ሲጽፍ ይህን አያነሳም። እኛ ቤት ግን ትልቅ ጉዳይ ነው። አማት ቁጭ ብላ፣ የጎረቤት ልጆች ምንጣፍ ላይ ተደርድረው፣ የአልጋ ትዕይንት ሲመጣ ሪሞቱ የት እንደገባ አይታወቅም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያስለዋል።

ሦስተኛው መብራት ነው። የእኔ ላፕቶፕ ባትሪ አንድ ሰዓት ተኩል ይይዛል። ስለዚህ የፊልሙን ርዝመት ሳላይ አልጀምርም። "ዌን ኢን ሮም" 91 ደቂቃ ነው። በባትሪዬ ልክ የተሰፋው ያ የማይረባው ሆኖ ቀረ።

የዚያው ዓመት ሌላኛው

እዚያው 2010 ውስጥ ሌላ የጣሊያን ፊልም ወጥቷል፤ "ሌተርስ ቱ ጁልየት"። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ብዙ ያስተምራል። ሁለቱም ላይ አሜሪካዊት ልጅ ጣሊያን ትሄዳለች። ሁለቱም ላይ ሰው ምኞቱን አንድ ቦታ ትቶ ይሄዳል፣ አንዱ ጋ በሳንቲም፣ ሌላው ጋ በደብዳቤ። ልዩነቱ ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜውን ጣሊያን ውስጥ ማሳለፉ ነው።

ቬሮና ውስጥ የጁልየት ቤት የሚባል ግቢ አለ። ሮሚዮና ጁልየት የፈጠራ ሰዎች መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል። ሰገነቱም ቢሆን ባለፈው ክፍለ ዘመን የተጨመረ ነው። ሰው ግን ለጁልየት ደብዳቤ ይጽፋል። ለደብዳቤዎቹ መልስ የሚጽፉ "የጁልየት ጸሐፊዎች" የሚባሉ በጎ ፈቃደኛ ሴቶች በእውነት አሉ። ፊልሙ የሚነሳው ከዚህ ነው። ሶፊ የምትባል ልጅ ከግድግዳው ድንጋይ ሥር ሀምሳ ዓመት የቆየ ደብዳቤ ታገኝና መልስ ትጽፋለች። ጸሐፊዋ፣ አሁን አሮጊት የሆነችው ክሌር፣ ከልጅ ልጇ ጋር ከእንግሊዝ ትመጣለች። ሦስቱ መኪና ይዘው ሎሬንዞ ባርቶሊኒ የሚባለውን የድሮ ፍቅረኛዋን ፍለጋ ይወጣሉ። ችግሩ በዚያ አገር ሎሬንዞ ባርቶሊኒ የሚባል ሰው መዓት ነው። ከደጀን እስከ ዳንግላ እየዞራችሁ "አበበ የሚባል ሰው ታውቃላችሁ?" እንደማለት ነው። በየደጃፉ የሚወጡት ሎሬንዞዎች ያስቃሉ፣ አንዳንዱም ያሳዝናል።

ከቡሬ ፈተና በግማሹ ያልፋል። ፍለጋውን ወደ ጎጃም ማምጣት ይቻላል፣ እንዲያውም ያምርበታል። ደብዳቤውን ግን አይቻልም፤ ለእሱ ቬሮና የግድ ናት።

ጉድለት የለውም አልልም። የልጅ ልጁ ቻርሊ እስከ መሀል ድረስ እንዲሁ ተሳዳቢ ነው። እሱና ሶፊ መጨረሻቸው ምን እንደሚሆን ገና መኪና ውስጥ ሲገቡ ታውቁታላችሁ። የሶፊ እጮኛ ደግሞ ስለ አይብና ወይን ብቻ የሚያወራው እንድንጠላው ተብሎ ነው። ግን ክሌር ሆና የምትጫወተው ቫኔሳ ሬድግሬቭ ናት። ሎሬንዞ ሆኖ የሚጫወተው ፍራንኮ ኔሮ ነው። ሁለቱ በ1960ዎቹ ፊልም ሲሠሩ ተዋደው፣ ወንድ ልጅ ወልደው፣ ተለያይተው፣ በ2006 የተጋቡ ሰዎች ናቸው። ይህን አውቃችሁ መጨረሻ አካባቢ ፊታቸውን ስታዩ ትወና ነው ለማለት ያስቸግራል።

105 ደቂቃ ነው። ከእናት ጋር፣ ከአክስት ጋር፣ ከአማት ጋር ያለ ስጋት ይታያል። እኔ ቤት ያስለቀሰው ይህ ነው።

አንድ ነገር ሳልረሳ። የ"ዌን ኢን ሮም" ዳይሬክተር ማርክ ስቲቨን ጆንሰን ከ12 ዓመት በኋላ እሱም ቬሮና ወርዶ "ላቭ ኢን ዘ ቪላ" የሚባል ሠርቷል፣ ለኔትፍሊክስ። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ቤት ተከራይተው ይገኛሉ። ቀሽም ቀልድ አይጠፋበትም። ቢሆንም ሰውየው ትንሽ ተምሯል፤ ቢያንስ ከተማዋን ጥሎ አልሮጠም።

ጥቁርና ነጩ

አሁን ወደ ወደድኩት ልምጣ። "ሮማን ሆሊዴይ"፣ 1953። ጥቁርና ነጭ ነው። ባለቤቴ "አርጅቷል፣ ቀለም የለውም" ብላ ሁለት ቅዳሜ አሳለፈችው። በሦስተኛው መብራት ጠፍቶ ባትሪ ላይ ጀመርነውና መሀል ላይ ላፕቶፑ ሲዘጋ የተበሳጨችው እሷ ናት።

አን የምትባል ልዕልት አለች፣ አገሯ አይነገርም። ጉብኝት፣ ሰላምታ፣ ንግግር፣ እንደገና ሰላምታ ሰልችቷታል። አንድ ሌሊት ከሮም ኤምባሲዋ ታመልጣለች። ሐኪም የሰጣት የእንቅልፍ መድኃኒት መንገድ ዳር ሲጥላት ጆ የሚባል አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ያገኛታል። ማን እንደሆነች ሲያውቅ ዝም ይላል፤ ዜናውን ሊሸጠው ነው። ጓደኛው ሲጋራ መለኮሻ ውስጥ በተደበቀ ካሜራ ያነሳታል። እሷ ተማሪ ነኝ ትላለች፣ እሱ የማዳበሪያ ነጋዴ ነኝ ይላል። ሁለቱም ይዋሻሉ።

ከተማዋ የምትሠራው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ "የእውነት አፍ" የሚባል፣ ከድንጋይ የተጠረበ ትልቅ ፊት አለ። ውሸታም እጁን ቢያስገባ ይነክሰዋል ይባላል። እኛ ጋ "በታቦት ማል" እንደሚባለው ማለት ነው። ዳይሬክተሩ ዊልያም ዋይለር ሁለቱን ውሸታሞች እዚያ ያቆማቸዋል። ልጅቷ እጇን ልታስገባ ትፈራለች። ጆ ሆኖ የሚጫወተው ግሪጎሪ ፔክ እጁን ከትቶ ይጮህና እጅጌው ባዶ ሆኖ ይወጣል። ይህን ልዕልቷን ለምትጫወተው ኦድሪ ሄፕበርን አስቀድሞ አልነገራትም ይባላል፤ ድንጋጤዋ የእውነት ነው። ይህን ትዕይንት ቡሬም አዲስ አበባም ብትወስዱት አይቆምም። ቦታው ራሱ ነው ጥያቄ የሚጠይቃቸው።

ሌላውም እንዲሁ ነው። ትሬቪ አጠገብ ባለ ፀጉር ቤት ገብታ ረጅሙን ፀጉሯን ታስቆርጣለች። በስፔን ደረጃዎች ላይ አይስክሬም ትበላለች። ቬስፓ ሞተር እሷ ራሷ ይዛ ገበያተኛውን ስትበታትን ፖሊስ ይይዛቸዋል፣ ልንጋባ እየሄድን ነው ብለው ይለቀቃሉ። (ባጃጅ የሚባለው የህንድ ኩባንያ ድሮ ቬስፓን በፈቃድ ያመርት ነበር። ስለዚህ ጊዮርጊስ አደባባይ ላይ ባጃጅ ሲያጣብቃችሁ የልዕልቷ ሞተር ዘመድ ነው በሉ።) እያንዳንዱ ቦታ ከልጅቷ ላይ አንድ ነገር ያወልቃል። መጨረሻውን አልነግራችሁም። የፍቅር ኮሜዲ እንደዚህ ሲያልቅ ግን ሌላ ቦታ አላየሁም።

ቀለም የሌለውም በምክንያት ነው። ዋይለር ስቱዲዮ ውስጥ ሮምን ከካርቶን አልሠራም ብሎ እዚያው ሄዶ ቀረጸ። ያ ወጪ ስለበዛ ጥቁርና ነጭ ሆነ። ያኔ ሰው እምብዛም የማያውቃት ኦድሪ ሄፕበርን ኦስካር ወሰደችበት። የታሪኩ ኦስካርም አስቂኝ ጣጣ ነበረበት። ደራሲው ዳልተን ትራምቦ ኮሚኒስት ነህ ተብሎ ጥቁር መዝገብ ላይ ስለነበር በጓደኛው ስም ነው የወጣው። ሽልማቱ ለሚስቱ የተሰጠው በ1993 ነው፤ እሱ ከሞተ በኋላ። ኦድሪ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለችም። የዩኒሴፍ አምባሳደር ስትሆን በ1988 የመጀመሪያ ጉዞዋ ኢትዮጵያ ነበር፣ መቀሌ።

118 ደቂቃ ነው። ባትሪ ሙሉ ካልሆነ አትጀምሩት። ለማንም ዕድሜ ይሆናል፤ ከመሳም ያለፈ የለበትም።

የቀሩት፣ በአጭሩ

"ቱ ሮም ዊዝ ላቭ"፣ 2012፣ ዉዲ አለን። አራት የማይገናኙ ታሪኮች ናቸው። አንዱ በጣም ያስቃል። ሻወር ሥር ብቻ የሚያምር ድምፅ ያለው ሰውዬ ኦፔራ መድረክ ላይ ከነሻወሩ ይቆማል። ሦስቱ ይንዛዛሉ። ከአማት ጋር ፈጽሞ አይሞከርም። ከሱ አንድ ዓመት ቀድሞ የሠራው "ሚድናይት ኢን ፓሪስ" ይሻላል፣ ለድርሰቱም ኦስካር አግኝቷል። 94 ደቂቃ ነው። ግን በ1920ዎቹ ፓሪስ የነበሩትን ደራሲዎችና ሠዓሊዎች ስም ካላወቃችሁ ግማሹ ቀልድ በጆሯችሁ ያልፋል። ባለቤቴ "እነዚህ ሁሉ እነማን ናቸው?" እያለች ጨረሰችው።

"ቢፎር ሰንራይዝ"፣ 1995፣ ቪየና። ባቡር ላይ የተዋወቁ ወጣቶች አንድ ሌሊት ከተማዋን እየዞሩ ያወራሉ። በቃ፣ ማውራት ነው። ኮሜዲ ይባል አይባል እኔም እጠራጠራለሁ። ለሁለት ሰው ግን፣ እንግዳ በሌለበት፣ ሰብታይትል ካገኛችሁ፣ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ከወደዳችሁት ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ፓሪስ ላይ የተሠራ ተከታይ አለው፤ 80 ደቂቃ ብቻ፣ ባትሪዬ የሚወደው።

"ቲኬት ቱ ፓራዳይዝ" ባሊ ነው ይላችኋል። የተቀረጸው አውስትራሊያ ነው። ጆርጅ ክሉኒና ጁልያ ሮበርትስ ሲነታረኩ ማየት ለሚወድ ሰው ይሆናል፣ ባሊን ማየት ለሚፈልግ አይሆንም።

እንግዲህ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለቤተሰብ ቬሮና፣ ለባልና ሚስት ቪየና። ሁለቱም ላይ መስማማት ካልቻላችሁ ጥቁርና ነጯ ሮም። "ዌን ኢን ሮም"ን ልብስ እየተኮሳችሁ ከሆነ እዩት።

ጥቁርና ነጩን ለሁለተኛ ጊዜ ያየነው የባለቤቴ አያት ከደብረ ማርቆስ መጥተው ሳለ ነው። አባታቸው በጣሊያን ጊዜ ጫካ የገቡ አርበኛ ነበሩ። "ይህ የማን አገር ነው?" ብለው ጠየቁ።

"የጣሊያን ነው፣ እማማ። ሮም።"

ብዙ ቆዩ። ደረጃውን አዩ፣ ፏፏቴውን አዩ፣ ወንዙን አዩ። "እንዲህ ያለ አገር እያላቸው እኛ ዘንድ ምን ጎድሏቸው መጡ?" አሉ።

እኔ ደግሞ አዋቂ ልምሰል ብዬ ፊልሙ በ1952 ሲቀረጽ የአክሱም ሐውልት እዚያው ሮም ቆሞ እንደነበር፣ በ1937 ወስደውት በ2005 እንደመለሱት ነገርኳቸው። ባልናገር ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ፍቅሩም ቀልዱም ቀረ። ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ልዕልቷ በቬስፓ ባለፈች ቁጥር እሳቸው ከኋላዋ ያለውን ይመለከታሉ። "መልሰው ልጄ፣ እዚያ ጋ የቆመ ነገር አይቻለሁ" ይሉኛል። እመልሳለሁ። "አይ፣ የእነሱው ነው። ቀጥል።"

118 ደቂቃው ሦስት ሰዓት ፈጀ። ባትሪው ሁለቴ አለቀ። ሲሄዱ ለባለቤቴ "ያቺ በሞተር የምትሄደውን ልጅ ፊልም እንዳታጠፉት፤ ለፋሲካ ስመጣ ከዚያች ድልድይ ጀምረን እናየዋለን" ብለዋታል።